እግራችንን የበላው ውሃ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ጋዜጣችሁን ካነበብኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ መጀመሪያ የምገልጠውም የጤና ገጹን ነው። ስለ ስኳር ጽፋችኋል፣ ስለ ደም ግፊት ጽፋችኋል፣ እኛ ድሬዎች በደንብ ስለምናውቃቸው ወባና ደንጊ ትኩሳትም ጽፋችኋል። ስለ እግር ጣት ግን አንድ ቀን አላየሁም። ብዕር ያስነሳኝ ይሄ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፣ አውቃለሁ። እኔም ትንሽ ነው ብዬ ሦስት ዓመት ተውኩት፤ መጨረሻው ሆስፒታል አልጋ ላይ አስተኛኝ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰው የእግር ጣቶቹ መሃል ነጭ ሆኖ ሲላጥ «እግሬን ውሃ በላኝ» ይላል። እኔም እንደዚያው ነበር የምለው። አባባሉ ግን ሰውን ያዘናጋል። ውሃ ነው የበላኝ ካልክ፣ ሲደርቅ ይድናል ብለህ ቁጭ ትላለህ። መድኃኒት አትፈልግም፣ ለማንም አታሳይም፣ ሚስትህና ልጆችህ በዚያው ሸበጥ ሻወር ሲገቡም ምንም አይመስልህም። የበላን ውሃ ሳይሆን ፈንገስ መሆኑን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ታሪኬን ላሳጥረው። ለ11 ዓመት እዚሁ ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ። ጫማችን አፉ ላይ ብረት ያለው ሴፍቲ ነበር። ጠዋት ታጠልቀዋለህ፣ ማታ ቤትህ ገብተህ ታወልቀዋለህ። በግንቦትና በሰኔ ድሬ ውስጥ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ በዚያ ላይ የማሽኑን ሙቀት ጨምሩበት። ማታ ካልሲዬን ስጨምቀው ውሃ ይወጣው ነበር ብል አላጋነንኩም። የሰጡን አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ስለዚህ ማታ እርጥብ ያወለቅሁትን ጠዋት እርጥቡን አደርገዋለሁ። እንደዚያ እያልኩ ዓመታት ሄዱ።

መጀመሪያ የጀመረኝ በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መሃል ነው። አብዛኛው ሰው ላይም የሚጀምረው እዚያው ነው፣ ምክንያቱም እነዚያ ሁለት ጣቶች ተጣብቀው ስለሚውሉ አየር አያገኙም። ቆዳው ነጭ ሆነና ረጠበ። ሲላጥ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ይታያል። ካልሲ ሳወልቅ ያሳክከኛል፣ ኧረ ማሳከክ ብቻ አይገልጸውም፣ በአልጋው ጠርዝ እስክታሸው ድረስ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። በኋላ ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀው ላይ ሳሙና ሲነካው ያቃጥላል።

አንድ ቀን ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። እግሬን ማንም አላየውም፤ እኔም ለማሳየት አፍሬ ነበር። «ያሳክከኛል» አልኩ፣ አንድ ቱቦ ቅባት ተሰጠኝ። በሁለት ቀን ማሳከኩ ጠፋ። መቅላቱም ጠፋ። ደስ አለኝ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ስሙን ነገርኳቸው። ለዚህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ምክንያቱም ቅባቱን ባቆምኩ በሳምንቱ ተመለሰ፣ ያውም ሰፍቶ። እንደገና ገዛሁ፣ እንደገና ጠፋ፣ እንደገና ተመለሰ። ከጣቶቼ መሃል ወጥቶ የእግሬን ላይኛውን ያዘ፣ ከዚያ ተረከዜ እንደ ዱቄት ይራገፍ ጀመር።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ዋናው ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቅባቱ ውስጥ ቤታሜታዞን ነበረበት። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል፣ ሃይድሮኮርቲዞን የሚባሉት ስቴሮይድ ናቸው። ፈንገስ አይገድሉም። የሚያሳክከንና የሚያቀላን ሰውነታችን ፈንገሱን ለመዋጋት የሚያደርገው ትግል ነው፤ ስቴሮይዱ ያንን ትግል ያቀዘቅዘዋል። እኛ ተሻለን እንላለን፣ ፈንገሱ ግን የሚከላከለው ጠፍቶ እንደልቡ ይሰፋል። ይባስ ብሎ መልኩን ይለውጣል። በኋላ ሐኪም እንኳ ሲያየው ፈንገስ መሆኑን ለመለየት ይቸገራል። ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ደግሞ ቆዳውን ያሳሳዋል። ለሌላ የቆዳ በሽታ ሐኪም ሲያዘው ጥሩ መድኃኒት ነው፣ አልክድም። ሳይታይ ለፈንገስ የሚቀባ ግን አይደለም። ስለዚህ እባካችሁ ቱቦውን ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ፣ ጽሑፉ ካስቸገራችሁም ፋርማሲስቱን «ስቴሮይድ አለበት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህች አንዲት ጥያቄ ለእኔ ዓመት ተኩል ታተርፍልኝ ነበር።

ከዚያ ሐምሌ መጣ። ቁልቢ ገብርኤል በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ ስለት ነበረብኝ። የሄደ ያውቀዋል፤ ከድሬ ተነስተህ የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ከጨረስክ በኋላ አገሩ ሌላ ነው፣ ብርድና ዝናብ ነው። ካልሲዬ ረጠበ፣ ደረቀ፣ እንደገና ረጠበ። ጣቴ መሃል ያለው ስንጥቅ ደማ። ስለት ነውና ቻልኩት። ተሳልሜ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ወባ ነው ብለን ነበር። ጠዋት ስነሳ ግራ እግሬ ከቁርጭምጭሚት እስከ ባት ቀልቶ፣ አብጦ፣ እንደ ምድጃ ይግል ነበር። ሸበጥ እንኳ አልገባልህ አለኝ።

ሆስፒታል ያየችኝ ወጣት ሐኪም ናት። የድሬ ልጅ ናትና አንቱ አላለችኝም፣ «አንተ፣ ጣቶችህን ክፈትልኝ» አለችኝ። እኔ ያበጠውን ባቴን እያሳየኋት ነው፣ እሷ ጣቶቼን መሃል ለመሃል እየከፈተች በባትሪ ታያለች። አራተኛና አምስተኛው ጣት መሃል ስትደርስ ቆመች። «በሩ ይሄ ነው» አለችኝ። ሴሉላይትስ ይባላል፤ ባክቴሪያ በተሰነጠቀ ቆዳ ገብቶ ከቆዳው ሥር ያለውን ሥጋ ሲያመረቅዝ ማለት ነው። ቆዳውን የሰነጠቀው ፈንገሱ ነው፣ በስንጥቁ የገባው ባክቴሪያው ነው። አንቲባዮቲክ በመርፌ፣ ከዚያ በክኒን ወሰድኩ። «አሁን እግርህ ይድናል፣ በሩን ካልዘጋህ ግን ትመለሳለህ» ነው ያለችኝ። የታችኛው እግር ሴሉላይትስ ደጋግሞ የሚይዘው ሰው ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው የጣት መሃል ፈንገስ ነው አለችኝ።

በሩን ስለመዝጋት ከእሷ የተማርኩትን፣ ከዚያም በኋላ ያነበብኩትን ነው ከዚህ በታች የምጽፈው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ያልገባኝን አልጽፍም።

ሐኪሟ በምላጭ ጫፍ ከሚላጠው ቆዳ ትንሽ ፋቀችና መስታወት ላይ አድርጋ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ፈሳሽ ጠብ አድርጋ በማይክሮስኮፕ አየች። ደቂቃዎች ነው የፈጀው። ፈንገሱ እንደ ክር ሆኖ ይታያል። እኔንም «ና እይ» አለችኝ፤ አየሁት። ያ ክር ነው ሦስት ዓመት እንቅልፍ የነሳኝ። ወገኑ ደርማቶፋይት ይባላል፣ በእግር ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ደግሞ ትራይኮፋይተን ሩብረም ነው። የሚበላው ኬራቲን ነው፤ ኬራቲን ማለት የላይኛው የሞተ ቆዳ፣ ጥፍርና ጸጉር የተሠሩበት ነገር ነው። ልጆች ገላና ጭንቅላት ላይ የሚወጣው ጭርት የዚሁ ወገን ነው። ስለዚህ «የእግር ጭርት» ብንለው «ውሃ በላኝ» ከምንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን።

አንድ ነገር ግን አልገባ ብሎኝ ጠየቅኋት። ድሬ ደረቅ አገር ነው። ፀሐይ ነው። ፈንገስ እርጥበት ይወዳል ከተባለ የደጋ ሰው በሽታ መሆን የለበትም ወይ? መልሷን አልረሳውም። «ፈንገሱ ድሬ ውስጥ አይኖርም፣ ጫማህ ውስጥ ነው የሚኖረው» አለችኝ። እውነት ነው። ውጭው ደረቅ ነው፣ ጫማው ውስጥ ግን ጨለማ ነው፣ ሙቅ ነው፣ እርጥብ ነው። የእግር መዳፍ ደግሞ ላብ አመንጪ እጢዎች ከሚበዙባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ላቡ ይጨምራል፣ ላቡ የሚሄድበት ካጣ እዚያው ይቀራል። ድሬ ውስጥ በሽርጥና በሸበጥ የሚውለው ሰው ጣቶቹ አየር ያገኛሉ። የሚያዘው ቡትስ የሚያጠልቀው ነው፤ ወታደሩ፣ ጥበቃው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የግንባታ ሠራተኛው፣ ቀኑን ሙሉ በስኒከር ኳስ የሚጫወተው ጎረምሳ። ፈረንጆቹ የስፖርተኛ እግር ብለው የሰየሙት ለዚህ ነው።

ከሰው ወደ ሰው እንዴት ይሄዳል ላላችሁ፣ የተላጠው ቆዳ ቅንጣት ላይ ተሳፍሮ ነው። የሻወር ወለል ላይ፣ ፎጣ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ካልሲ ውስጥ፣ ጫማ ውስጥ ይቀመጣል። ቅንጣቱ ውስጥ ሆኖ ለወራት ሊቆይ ይችላል። እኛ ግቢ ስድስት ቤተሰብ አንድ ሻወር ነው የምንጠቀመው። በር ላይ የሁሉም የሆነ አንድ ሸበጥ ነበር። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ስትመጣ ሁሉም ተሯሩጦ ይታጠባል፣ ያ ሸበጥም አይደርቅም። አሁን ሁሉም የየራሱን ይዞ ነው የሚገባው። ወለሉንም በየጊዜው በበረኪና እናጥበዋለን። በረኪና ወለል ላይ ነው ያልኩት! እግሩ ላይ የሚያፈስ ሰው አውቃለሁ። ናፍጣ የሚቀባም አይቻለሁ፣ ነጭ ሽንኩርት ደቁሶ አስሮበት ቆዳው የተቃጠለበትም አለ። የተሰነጠቀ ቆዳን ስታቃጥለው በሩን ይበልጥ ነው የምትከፍተው።

ሰልባጅ ጫማም አለ። አሸዋና ታይዋን ገበያ ጥሩ ጥሩ ሰልባጅ ይገኛል፣ እኔም እገዛለሁ፣ ወደፊትም እገዛለሁ። ግን ጫማው ውስጥ ማን እንደነበረ አናውቅም። እኔ አሁን ስገዛ የውስጡን ሶል አውጥቼ እጥለዋለሁ፣ ውስጡን በሳሙና አሻለሁ፣ ለቀናት ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ከዚያ አዲስ ሶል አስገብቼ በካልሲ ብቻ ነው የማደርገው። ያገለገለ ካልሲ ግን አልገዛም።

ወደ ሕክምናው ልምጣ። ብዙ ጊዜ በቅባት ይድናል። ሰው የማይድነው ቅባቱ ስለማይሠራ ሳይሆን ቶሎ ስለሚያቆመው ነው። ተርቢናፊን 1 ከመቶ የሚባለው ቅባት ለጣት መሃል ፈንገስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቀባል። ክሎትሪማዞል 1 ከመቶ ደግሞ ጠዋትና ማታ ነው፣ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ማይኮናዞልም እንደዚያው ነው። ድሮ የምናውቀው፣ ሽታ ያለው ዊትፊልድ የሚባለው ቅባትም ውስጡ ቤንዞይክ አሲድና ሳሊሲሊክ አሲድ ነው፤ ይሠራል፣ ግን የተሰነጠቀና ያበጠ ላይ ያቃጥላል። የትኛውንም ስትጠቀሙ የሚታየውን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ጤነኛ የሚመስለውንም ቀቡት፣ ፈንገሱ ከሚታየው አልፎ ነው ያለው። እና ማሳከኩ በአምስተኛው ቀን ሲጠፋ አታቁሙ። ማሳከክ መጥፋቱ መዳን አይደለም። እኔ በትክክለኛው ቅባት እንኳ መጀመሪያ ላይ በሳምንቱ አቁሜ ተመልሶብኛል። ሁለተኛው ዙር ላይ ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ላይ ቀኑን ምልክት እያደረግሁ 28 ቀን ሞላሁ። ያኔ ነው የዳንኩት።

ተረከዝና መዳፉን ሁሉ እንደ ዱቄት የሚያራግፈው ዓይነት ደግሞ ያስቸግራል። ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ቅባቱ በቀላሉ አይገባም፣ አንዳንዴ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው ግን የእግር መድረቅ ነው ብሎ ቫዝሊን ይቀባዋል። ውሃ የያዙ ትናንሽ ፊኛዎች የሚያወጣም ዓይነት አለ፣ በተለይ እግር ውስጠኛው ጎን ላይ። ሁለት እግር ይዞ አንድ እጅ የሚጨምርበትም አለ፤ አንድ እጅህ ብቻ መዳፉ ሲራገፍ ካየህ እግርህን እይ።

አሁን የማድረቁ ነገር። ከቅባቱም የሚበልጠው ይሄ ነው፤ ዋጋም የለውም። እግራችንን እንታጠባለን፣ ድሬ ውስጥ እግሩን ሳይታጠብ የሚተኛ የለም፣ ግን የጣቶቹን መሃል የሚያደርቅ ስንት ሰው ነው? እኔ ለእግሬ ብቻ የምትሆን አንዲት ጨርቅ አለችኝ። በእያንዳንዱ ጣት መሃል አስገብቼ አደርቃለሁ። ጨርቅ ከሌለ ሶፍት ይበቃል። ከዚያ ሸበጥ አድርጌ ትንሽ እቆያለሁ። ካልሲ የማደርገው ሙሉ ለሙሉ ሲደርቅ ነው። ሌላም አለ፣ ስናገረው አፍር ነበር፣ አሁን አላፍርም፤ ካልሲ ከውስጥ ሱሪ በፊት ይደረግ። የውስጥ ሱሪህን በተላጠው እግርህ ላይ ስትስበው ፈንገሱን ወደ ብሽሽትህ ታወጣዋለህ። ብዙ ወንዶች ብሽሽታቸውን የሚያሳክካቸው ከእግራቸው ነው የመጣው። ብሽሽቱን አድኖ እግሩን የተወ ሰው ተመልሶ ይያዛል።

ጎረቤቴ ሐጂ ይህን ስነግራቸው (እሳቸውን ብቻ ነው አንቱ የምለው፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ አልፏል) በውዱእ ጊዜ የእግር ጣቶችን መሃል በእጅ ጣት እያሹ ማጠብ ድሮም የተወደደ ነገር መሆኑን ነገሩኝ። ደስ አለኝ። በቀን አምስት ጊዜ እግሩን የሚታጠብ ሰው ንጹሕ ነው። የሚጎዳው ከታጠበ በኋላ እርጥብ እግሩን ካልሲ ውስጥ ሲከት ነው፣ የመስጊዱን የጋራ ሸበጥ ደጋግሞ ሲያደርግ ነው። ሐጂ አሁን ሁለት ነገር ይዘው ነው የሚወጡት፣ የራሳቸውን ሸበጥና በኪሳቸው ትንሽ ፎጣ። እኛም ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቀን ምንጣፍ ላይ ነው የምንቆመው፣ ስለዚህ የታመመ እግር ያለው ሰው እስኪድን ንጹሕ ካልሲ ቢያደርግ ለጎኑ ላለው ሰው አሰበ ማለት ነው።

ጫማ ሁለት ጥንድ ይሁን። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ። አንድ ጊዜ በላብ የራሰ ጫማ በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ክሩን ፍታው፣ ምላሱን ጎትተህ አውጣው፣ ፀሐይና ነፋስ ያለበት አስቀምጠው። ያረጀ ጋዜጣ ጨምድደህ ውስጡ ብትከተው ውሃውን ይመጥልሃል። ካልሲ ጥጥ ቢሆን ይሻላል፣ የሚያልበው ሰው ቀን ላይ አንድ ጊዜ ይቀይረው። የታመመ ሰው ካልሲ በጣም በሞቀ ውሃ፣ 60 ዲግሪ ያህል፣ ቢታጠብ ነው ፈንገሱ የሚሞተው። ለብ ያለ ውሃ ቆሻሻውን እንጂ እሱን አያወጣውም።

የጥፍሩ ነገር ለብቻው ነው። ፈንገሱ ጥፍር ሥር ከገባ ጥፍሩ ይወፍራል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ከሥሩ ይፈረፈራል። ሴቶቻችን ሂና ስለሚያደርጉ አንዳንዴ ለዓመታት አይታይም። ባለቤቴ ላይ ያየነው ለዒድ ጎረቤቶቻችን ጋ ሄዳ ሂና ልታድስ ስትል ነው። ከእኔ እንደያዛት አልጠራጠርም፤ አንድ ፎጣ ነበር የምንጠቀመው። ጥፍር በቅባት አይድንም ለማለት ይቻላል። የሚዋጥ ተርቢናፊን በቀን 250 ሚሊ ግራም፣ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት ያህል ነው የሚታዘዘው፣ ጉበትን ሊነካ ስለሚችል ሐኪም ሳያይ አይጀመርም። ከመጀመሩም በፊት ጥፍሩ ይመርመር፣ ምክንያቱም የወፈረ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም፤ ጠባብ ጫማ ሲመታው የከረመ ጥፍርም እንደዚያ ይሆናል። መድኃኒቱን ጨርሳችሁ ጥፍሩ ያው ሲሆን ተስፋ አትቁረጡ። የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ ለሙሉ ለመተካት ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። አዲሱ ከሥር ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ታያላችሁ። ባለቤቴ በየወሩ በስልኳ ፎቶ ታነሳው ነበር፣ ለውጡን ያሳያት ያ ነው። የውበት ሳሎን ፔዲኪዩር የምትሠሩ እህቶቼም፣ መቁረጫውንና ሞረዱን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሳታጸዱ አትውሰዱ።

የሚያሳክክና የሚላጥ ነገር ሁሉ ደግሞ ፈንገስ አይደለም። የእግር ሽታ በአብዛኛው የባክቴሪያ ሥራ ነው። የጫማ ማጣበቂያና ጎማ የማይስማማው ሰው አለ፣ እሱ ላይ የእግሩ የላይኛው ክፍል ነው የሚቆጣው። ገና ያልጎረመሰ ልጅ እግሩ ቢላጥ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው፣ ዝም ብላችሁ የአባቱን ቅባት አትቀቡት። ጭንቅላቱ ላይ ጭርት የወጣበት ልጅም በቅባት አይድንም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው። እግሩ የደነዘዘ፣ እሾህ ሲወጋው የማይሰማው፣ ቆዳው ላይ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ምልክት ያለበት ሰው ደግሞ ፈንገስ ነው ብሎ አንድ ቀን አያሳልፍ። የሥጋ ደዌ እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ ዛሬ በመድኃኒት ይድናል፣ ሕክምናውም ነጻ ነው። ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ያለው ቢሲዲሞ ሆስፒታል ለዚሁ ብሎ የተቋቋመ ነው፣ እኛ ምሥራቆች ሩቅ መሄድ የለብንም።

ስኳር ላለባችሁ በተለይ እለምናችኋለሁ። ስኳር የእግርን ስሜት ይቀንሳል፣ ቁስል ቶሎ እንዳይድንም ያደርጋል። ለእኔ የብርድ ትኩሳትና አንድ ሳምንት የሆነው ነገር ለእናንተ እግር ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ ጣቶቻችሁን ከፍታችሁ እዩ። ጎንበስ ማለት ያቃተው ልጁን ይጥራ፣ ወይ መስታወት መሬት ላይ ያስቀምጥ። እግራችሁን የሞቀ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉ፣ ሳይሰማችሁ ያቃጥላችኋል። ስንጥቅ ካያችሁ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ሁለት ልመና አለኝና ላብቃ። አንዱ ለቀጣሪዎች ነው። ለሠራተኛው ሴፍቲ ጫማ የምትሰጡ ሁሉ ሁለት ጥንድ ስጡ። ይህ ካልሆነ ጫማ ማስጫ የሚሆን ፀሐይ ያለበት አንድ መደርደሪያ ሥሩለት፣ በምሳ ሰዓትም ጫማውን አውልቆ ይቀመጥ። እኔ ሆስፒታል ስተኛ ከሥራ የቀረሁበትን ቀን ብትቆጥሩት ከአንድ ጥንድ ጫማ ይበልጣል።

ሁለተኛው ለእናንተ ነው፣ ለአዘጋጆቹ። አንድ የቆዳ ሐኪም ጋብዙና ስለዚሁ በሰፊው አስጽፉ፣ ፎቶም አክሉበት። ሰው ሲያየው ነው «የእኔም እንደዚህ ነው» የሚለው። ደብዳቤዬ እንደረዘመ አውቃለሁ። መቁረጥ ካለባችሁ የቁልቢውን ቁረጡት፣ የፋብሪካውንም ቁረጡት፤ ስለ ስቴሮይዱ ቅባትና ስለ 28ቱ ቀን የጻፍኩትን ግን እባካችሁ እንዳለ አውጡልኝ። ያኔ የዚያን ቅባት ስም የነገርኳቸው ጓደኞቼም ጋዜጣችሁን ያነባሉ።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የፋብሪካ ሠራተኛ
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ